ኤክሞ ላይ ያለ ዘመዳችሁ የመትረፍ ዕድል እንዴት ይሰላል? ሬስፕ ስኮርን አብረን እንደምር

«ስንት ፐርሰንት ነው?»

ስልኬ በውድቅት ሌሊት ሲጮህ መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ መሆኔን የሚያውቅ ሁሉ፣ ዘመዱ ኤክሞ ላይ ሲገባ ይደውላል። አንዳንዱ ሐኪሙ ቁጥር ነግሮታል። አንዳንዱ ኢንተርኔት ላይ ካልኩሌተር አግኝቶ ራሱ ሞልቶታል፤ እንዲያውም አብዛኛው ጊዜ ተሳስቶ ሞልቶታል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ያስረዳው የለም። ስለዚህ ዛሬ ሬስፕ ስኮር የሚባለውን፣ የመትረፍ ዕድልን በነጥብ የሚገምተውን ስሌት አብረን እንደምረው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ስሌት «ማሽኑ ይነቀል ወይስ ይቀጥል» ተብሎ የሚወሰንበት አይደለም። ሐኪሙ «ሁኔታው ከባድ ነው» ሲል ምን ምን አይቶ እንደሆነ እንድትረዱ፣ የምትጠይቁትም ጥያቄ ሥር ያለው እንዲሆን ብቻ ነው።

ኤክሞ ምን እንደሆነ ባጭሩ። ሳንባው እምቢ ሲል፣ ቬንቲሌተርም (አየር የሚያስገባው የመተንፈሻ ማሽን) ሳይበቃው ሲቀር፣ ደም ብዙውን ጊዜ በብሽሽት በኩል በገባ ወፍራም ቱቦ ከትልቁ ደም መልስ ይወጣል። ሰው ሠራሽ ሳንባ ውስጥ ሲያልፍ ኦክስጅን ይገባበታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣለታል። ከዚያ በአንገት ወይም በሌላኛው ብሽሽት በኩል ይመለሳል። ማሽኑ የታመመውን ሳንባ አያድንም። ሳንባው እስኪያገግም ድረስ ተክቶት ይሠራል፤ በቃ።

1ኛ፦ ስኮሩ ለእናንተ በሽተኛ ይሆን እንደሆነ አረጋግጡ

ነርሷን «ቪ-ቪ ነው ወይስ ቪ-ኤ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቪ-ቪ ማለት ደሙ ከደም መልስ ወጥቶ ወደ ደም መልስ የሚመለስበት፣ ለሳንባ ብቻ የሚሆነው ነው። ቪ-ኤ ደግሞ ልብንም ያግዛል። ሬስፕ የተሠራው ሳንባቸው ለደከመ፣ ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች ነው። ዘመዳችሁ በልብ ድካም ቪ-ኤ ላይ ከሆነ ሴቭ የሚባል ሌላ ስኮር ስላለ እዚህ ላይ አቁሙ። ለሕፃናትም አይሆንም።

ሬስፕ የወጣው በ2014 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ኤልሶ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኤክሞ ማኅበር ከየአገሩ ሆስፒታል የሚሰበስበው መዝገብ አለው። ከዚያ ውስጥ ከ2000 እስከ 2012 በከባድ የሳንባ ድካም ኤክሞ ላይ የገቡ 2,355 አዋቂዎች ተወሰዱ። ከእነሱ 57 በመቶው በሕይወት ከሆስፒታል ወጥተዋል። የወጣውን ካልወጣው የሚለየው ምን እንደሆነ ታይቶ፣ ለእያንዳንዱ ነገር ነጥብ ተሰጠው።

2ኛ፦ መረጃውን ሰብስቡ፤ ግን የትኛውን ሰዓት?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስኮሩ የሚፈልገው የኤክሞ ቱቦ ሊገባ ሲል የነበረውን ሁኔታ ነው። የዛሬውን አይደለም። ኤክሞ ላይ ያለ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማሽኑ ስለሚያጥብለት ዛሬ 40 ሊሆን ይችላል። ትናንት ማታ ግን 90 ነበር። የዛሬውን ከሞላችሁ የሌለ ተስፋ ትደምራላችሁ።

ስለዚህ ሐኪሙን ወይም ነርሷን «ኤክሞ ከመግባቱ በፊት» ብላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ ስንት ቀን ቬንቲሌተር ላይ ነበር? የመጨረሻው ብለድ ጋዝ (በደም ውስጥ ያለውን ጋዝ የሚለካው ምርመራ) ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስንት ነበር? ቬንቲሌተሩ አየር ሲያስገባ ከፍተኛው ግፊት ስንት ደርሶ ነበር? ልቡ ቆሞ ያውቃል? የትኞቹ መድኃኒቶች ተሰጥተውት ነበር?

አሜሪካ ወይም እስራኤል ከሆናችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይነገራችኋል። እንግሊዝ ወይም ስዊድን ከሆናችሁ ግን በኪሎፓስካል ነው። 75 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማለት 10 ኪሎፓስካል ነው። ለንደን ያለ ልጅ «11 ነው አሉኝ፣ ዝቅተኛ ነው አይደል?» ቢላችሁ አይደለም፤ 11 ኪሎፓስካል ከ82 በላይ ነው።

ደግሞ ቋንቋው ቢቸግራችሁ የአክስት ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የአሜሪካ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «አማርኛ አስተርጓሚ» ካላችሁ በስልክም ቢሆን ያመጣሉ። ዘመድ ሲያስተረጉም መጥፎውን እየዘለለ ነው። አውቃለሁ፣ እኔም ነርስ ከመሆኔ በፊት አድርጌዋለሁ።

3ኛ፦ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ጻፉ

ዕድሜ። ከ18 እስከ 49 ከሆነ 0። ከ50 እስከ 59 ከሆነ 2 ይቀነሳል። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 3 ይቀነሳል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ጉድ አለ። ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ስንት አበሻ አለ? በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈውን የልደት ዓመት እንዳለ ወደ ፈረንጅ ፎርም ያስገባውም ከእውነተኛ ዕድሜው 7 ወይም 8 ዓመት አርጅቶ ይታያል። እውነተኛውን ዕድሜ የምታውቁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ሐኪም የሚያየው ወረቀቱን ነው።

የሰውነት መከላከያ። የደም ካንሰር፣ ሌላ ዕጢ ካንሰር፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ ኤች አይ ቪ ወይም የጉበት ሲሮሲስ ካለ 2 ይቀነሳል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በደሙ የማይታይ ሰውና ምንም ያልታከመ ሰው እዚህ እኩል ይቀነስባቸዋል። ይሄ የስኮሩ ድክመት ይመስለኛል። ሌላም ነገር አለ። ሐኪሙ ይህችን መልስ ላይሰጣችሁ ይችላል። አትቆጡት፤ የበሽተኛው ምስጢር ነው። ባዶ ትታችሁ እለፉ።

ቬንቲሌተር ላይ የቆየበት ጊዜ። ከ48 ሰዓት በታች ከሆነ 3 ይጨመራል። ከ48 ሰዓት እስከ 7 ቀን ከሆነ 1 ይጨመራል። ከ7 ቀን ካለፈ 0። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቬንቲሌተር በከፍተኛ ግፊት በቆየ ቁጥር የቆሰለውን ሳንባ ይበልጥ ያቆስለዋል።

ሳንባውን የጣለው በሽታ። አንዱን ብቻ ምረጡ። አስም ከሆነ 11 ይጨመራል። ምግብ ወይም የጨጓራ ፈሳሽ ትን ብሎት ሳንባው ከተቃጠለ 5። በቫይረስ ወይም በባክቴሪያ የመጣ የሳንባ ምች ከሆነ 3፣ አደጋ ወይም ቃጠሎ ከሆነም 3። ሌላ ድንገተኛ የሳንባ በሽታ ከሆነ 1። የቆየ የሳንባ በሽታ ወይም ከሳንባ ውጪ የመጣ ምክንያት ከሆነ 0።

አስም ለምን 11? ብዙ ሰው የህትመት ስህተት ይመስለዋል። አይደለም። በአስም የሚዘጋው የአየር ቧንቧው ነው፤ ሳንባው ራሱ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ቧንቧው በመድኃኒት እስኪከፈት ድረስ ማሽኑ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ካወጣለት ሰውየው ይነሳል።

ጭንቅላት። ስትሮክ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ ወይም አንጎልን ያወከ ሌላ ሕመም ካለ 7 ይቀነሳል። ከተቀናሾቹ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። በማስተኛ መድኃኒት ተኝቶ መሆኑ ግን አይቆጠርም። «አይነቃም» ሲሏችሁ «በመድኃኒቱ ነው ወይስ በአንጎሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሳንባ ውጪ ሌላ ኢንፌክሽን ካለ 3 ይቀነሳል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንበላቸው። ከኤክሞ በፊት ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ከተሰጠው 1 ይጨመራል። የናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ከተሰጠው 1 ይቀነሳል። ባይካርቦኔት (የደምን አሲድነት የሚያረግብ መድኃኒት) በደም ሥሩ ከተሰጠው 2 ይቀነሳል። ልቡ ቆሞ ከነበረ 2 ይቀነሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 75 ወይም ከዚያ በላይ ከነበረ 1 ይቀነሳል። የቬንቲሌተሩ ከፍተኛ ግፊት 42 ሴንቲ ሜትር ውሃ ወይም ከዚያ በላይ ከነበረ 1 ይቀነሳል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ነጥብ ስለቀነሰ «ለምን ሰጡት?» ብላችሁ አትጣሉ። ጋዙ ራሱ ገዳይ ነው ማለት አይደለም። የሚሰጠው ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ስለሆነ፣ በሽታው የደረሰበትን ደረጃ የሚናገር ምልክት ነው። ባይካርቦኔትም እንደዚያው።

4ኛ፦ ደምሩ

የፈጠርኩት ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ የ52 ዓመት ታክሲ ነጂ በባክቴሪያ የሳንባ ምች ታመመ እንበል። ሦስት ቀን ቬንቲሌተር ላይ ነበር። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ወስዷል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 80፣ ግፊቱ 38 ነበር። ሌላ ችግር የለበትም።

ዕድሜ −2፣ የሳንባ ምች +3፣ ሦስት ቀን +1፣ ጡንቻ ማዘያ +1፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ −1፣ ግፊት 0። ድምሩ 2።

ሌላ ደግሞ። የ24 ዓመት ልጅ፣ አስም፣ ቬንቲሌተር ላይ ገና አንድ ቀኗ። ካርቦን ዳይኦክሳይዷ 110፣ ግፊቱ 55፣ ጡንቻ ማዘያ ተሰጥቷታል። አስም +11፣ አንድ ቀን +3፣ ማዘያ +1፣ ካርቦን −1፣ ግፊት −1። ድምሩ 13። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በእሷ ቁጥሮች ሲደነግጥ፣ ስኮሩ ግን ከታክሲ ነጂው እጅግ የተሻለ ዕድል ይሰጣታል።

የመጨረሻው ከፍተኛ ድምር 15 ነው፣ ዝቅተኛው −22። ከዚህ ውጪ ከወጣባችሁ ተሳስታችኋልና እንደገና ደምሩ።

5ኛ፦ ደረጃውን አንብቡ

6 እና ከዚያ በላይ፦ አንደኛ ደረጃ፣ 92 በመቶ።
ከ3 እስከ 5፦ ሁለተኛ፣ 76 በመቶ።
ከ−1 እስከ 2፦ ሦስተኛ፣ 57 በመቶ።
ከ−5 እስከ −2፦ አራተኛ፣ 33 በመቶ።
−6 እና ከዚያ በታች፦ አምስተኛ፣ 18 በመቶ።

ታክሲ ነጂያችን 57 ላይ ነው። ወጣቷ 92 ላይ።

ይህን ለእናት ስትነግሩ «57 ፐርሰንት ይድናል» አትበሉ። ሰው ከመቶ ሃምሳ ሰባት አይድንም። እኔ «እንደሱ የታመሙ መቶ ሰዎች ቢሆኑ፣ 57ቱ በሕይወት ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ 43ቱ አልወጡም፤ የእኛ ከየትኞቹ እንደሆነ ገና አናውቅም» እላለሁ። ይረዝማል፣ ግን እውነት ነው። እናቶች ደግሞ ከፐርሰንቱ ይልቅ ይሄን ይረዱታል።

6ኛ፦ ቁጥሩን ከልኩ በላይ አትመኑት

አሁን ደግሞ እንጠርጥረው። ታክሲ ነጂው 52 ሳይሆን 49 ቢሆን ድምሩ 4 ይሆንና ወደ 76 ይዘላል። አንድ ሰው ለሃምሳኛ ልደቱ አንድ ቀን ሲቀረው 76፣ ሲነጋ 57። ሳንባ ልደት አያከብርም። ደረጃዎቹ መካከል ያለው ግንብ የስሌቱ እንጂ የተፈጥሮ አይደለም። ድምራችሁ ጠርዝ ላይ ካረፈ ሁለቱንም ደረጃ አስታውሱ።

ስኮሩ ምን ያህል ይለያል? አንድ የተረፈና አንድ የሞተ በሽተኛ እንዲሁ በዕጣ አንስታችሁ ብታነጻጽሩ፣ በተሠራበት መዝገብ ላይ ለተረፈው የተሻለ ነጥብ የሚሰጠው ከመቶው ጊዜ 74 ያህሉን ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ነቢይ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ በብዙ ሆስፒታሎች ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። አይገርምም፤ የኮቪድ ሳንባ ሳምንታትን ማሽን ላይ ይቆይ ነበር፣ ስኮሩ ደግሞ የተማረው ከዚያ በፊት ከነበረ በሽታ ነው። በ2020 የኤልሶ መዝገብ 1,035 የኮቪድ በሽተኞችን አይቶ፣ በ90 ቀን ውስጥ ሆስፒታል ውስጥ የመሞት ዕድላቸውን 37 በመቶ ገደማ ገምቷል። ወረርሽኙ እየቆየ ሲሄድ ውጤቱ ከዚያ ባሰ። ያው ማሽን፣ ያው ቫይረስ።

ሁለት ነገር ደግሞ ጭራሽ አይነግራችሁም። አንደኛ፣ «በሕይወት መውጣት» ማለት ከሆስፒታል መውጣት ብቻ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሥራ ይገባል ወይ፣ ደረጃ ይወጣል ወይ የሚለውን አይመልስም። ሁለተኛ፣ «ኤክሞ ባይገባስ ኖሮ?» ለሚለው መልስ የለውም። መዝገቡ ውስጥ ያሉት ሁሉ የገቡ ናቸውና። ለዚያ የሚቀርበው በ2018 የወጣው ኢዮሊያ የሚባለው ጥናት ነው። 249 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ በ60 ቀን ውስጥ ኤክሞ ቶሎ ከገቡት 35 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና ከቀጠሉት 46 በመቶ ሞተዋል። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን እርግጠኛ ለመባል ጥቂት ቀርቶታል። ከሁለተኛው ቡድን ግን በጣም የባሰባቸው ወደ ኤክሞ እንዲሻገሩ ተፈቅዶላቸው ስለነበር ነገሩ ይደባለቃል። እኔ አልጋው አጠገብ ስለምቆም ወደ ኤክሞው አደላለሁ። ይሄ ግን የእኔ ነው።

7ኛ፦ ወረቀቱን አጥፉና አልጋውን እዩ

ቱቦው ከገባ በኋላ ስኮሩ ሥራውን ጨርሷል። በየቀኑ አትደምሩት፤ አይለወጥም። ከዚህ በኋላ የሚናገረው በሽተኛው ራሱ ነው። አንድ ደብተር ያዙና ቀን እየጻፋችሁ እነዚህን ተከታተሉ።

መጀመሪያ አንጎል። ማሽኑ ላይ ደም እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ይሰጣል። ስለዚህ የምንፈራው የአንጎል መድማት ነው። «ዛሬ ጠዋት የዓይኑ ብሌን ለብርሃን መለሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነርሷ በየሰዓቱ የምታየው ስለሆነ መልሱ አፏ ላይ ነው።

ቀጥሎ ኩላሊት። የኩላሊት እጥበት ማሽን ከተጨመረ ነገሩ ከበድ ብሏል ማለት ነው፤ አበቃ ማለት ግን አይደለም። እጥበት ላይ ኖረው በእግራቸው የሄዱ አይቻለሁ።

ከዚያ ሳንባው። ሁለት ቁጥር ይበቃችኋል። አንዱ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው አየር ነው። በዚያው ግፊት ባለፈው ሳምንት 150 ሚሊ ሊትር የነበረው ዛሬ 300 ከሆነ፣ ሳንባው እየለሰለሰ ነው። ሁለተኛው ስዊፕ የሚባለው ወደ ሰው ሠራሹ ሳንባ የሚነፋው ጋዝ ነው። ከ6 ሊትር ወደ 2 እየወረደ ከሆነ ሰውየው ሥራውን ከማሽኑ እየተረከበ ነው። ሽቅብ ከሄደ ደግሞ «ለምን?» በሉ። ምናልባት ችግሩ የሰው ሠራሹ ሳንባ ይሆናል። እሱም ደም እየረጋበት ይደክማል፤ ይቀየራል።

ሞኒተሩ ላይ ኦክስጅን 86 ወይም 88 አይታችሁ አትጩኹ። ቪ-ቪ ላይ ይህን ብዙ ጊዜ እንቀበለዋለን፤ የሰውነቱ ሌላ ክፍል እስከተመቸው ድረስ። የእሱ ግብ ስንት እንደሆነ ግን ጠይቃችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ጠበል ይዛችሁ ከመጣችሁ መጀመሪያ ለነርሷ ንገሯት። በአፉ አይሰጠውም፣ ቱቦው በገባበት ቁስል ላይ አይረጭም፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ ጠብታ አይድረስ። ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ መንካት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ጠይቃችሁ ብትከለከሉ እንኳ ይሻላል፤ ደብቃችሁ ስትያዙ ሁላችንም እንሸማቀቃለን።

ሳምንት ሲሞላ ስብሰባ ጠይቁ። ከቤተሰቡ አንድ ተናጋሪ ምረጡ፤ አሥራ አምስት ሰው በየተራ እየደወለ አንዱን ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱ ይምታታል። ስብሰባው ላይ «ከሳምንት በፊት ከነበረበት ተሻለ፣ ባሰ ወይስ ባለበት ነው?» በሉ። ከዚያ «በሚቀጥለው ሳምንት ምን ብታዩ ተሻለው ትላላችሁ? ምን ብታዩስ ተስፋ ትቆርጣላችሁ?» ሁለተኛውን መጠየቅ ያስፈራል። ግን አብዛኛው ሐኪም መልሱን በልቡ ይዟል፤ ካልጠየቃችሁት ላይናገረው ይችላል።

ተሽሎት ከሆነ አንድ ቀን «ዛሬ ስዊፑን እንዘጋለን» ትባላላችሁ። ደሙ በማሽኑ ውስጥ መዞሩን ይቀጥላል፤ ጋዙ ብቻ ይዘጋል። ለሰዓታት ቁጭ ብለን እናያለን፦ ኦክስጅኑ ይወርዳል ወይ፣ ካርቦኑ ይወጣል ወይ፣ ትንፋሹ ይፈጥናል ወይ። መጀመሪያው ቀን ላይ ባያልፍ አትደንግጡ፤ ይከፈትና ከቀናት በኋላ ይደገማል። ካለፈ ቱቦዎቹ ይወጣሉ። ያን ዕለት የምትጠይቁት ስለ ፐርሰንት አይደለም። «ፊዚዮቴራፒ መቼ ይጀምራል? ከቬንቲሌተሩስ መቼ ይላቀቃል?» በሉ። እጁን ማንሳት ቢያቅተው፣ ሌሊት ቢቃዥ፣ እናንተን ለይቶ ባያውቃችሁ፣ ከዚህ አልጋ የሚነሳ ብዙ ሰው የሚያልፍበት ነው። ደብተሩን አትጣሉት፤ ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ቀን ተኛሁ?» ብሎ ነው።